«ማክሰኞ ሌሊት» በእንግሊዝኛ ረቡዕ ነው

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ባለ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ማስታወቂያ በአማርኛ ጽፌ፣ ለውጭ አገር ቴክኒሻኖቻችን በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። በመስከረም 2018 «ከሞጆ የሚመጣው ኮንቴይነር ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ይገባል» ለማለት «ቲዩዝደይ፣ ሴፕቴምበር 30፣ 2 ኤኤም» ብዬ ለጠፍኩ። ሰዎቹ አንድ ሌሊት ቀድመው መጥተው በር ላይ አደሩ። «ሪፖርት እስከ ዓርብ አስገቡ» የሚለውን «አንቲል ፍራይዴይ» ስለው ደግሞ ግራ ይጋባሉ። «ከ2 ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል» የሚለውንማ እንዴት እንደምጽፈው ጨርሶ አላውቅም። ስህተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ሰዓቱን በትክክል ቀይረዋል፤ የሳቱት ቀኑን ነው። ሦስቱም ጥያቄዎችዎ ግን ምንጫቸው አንድ ነው። አማርኛ በጊዜ ነገር ላይ አንዱን ቃል ለብዙ ሥራ ያሰማራዋል። «እስከ»፣ «ሌሊት»፣ «ሰዓት»፣ «ከ… በኋላ» እንደ አገባባቸው የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ እኛም ከአውዱ እንረዳቸዋለን። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ቃል አለው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከመጻፍዎ በፊት አማርኛውን አንድ ትርጉም ብቻ እስኪቀረው ድረስ አጥርተው ይጻፉት።

ከኮንቴይነሩ እንጀምር። የኛ ሰዓት የሚዞረው 12 ላይ ነው፤ ሲነጋና ሲመሽ። የእንግሊዝኛው ኤኤምና ፒኤም የሚቀያየሩት ግን በኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። ኤኤም ከላቲን የመጣና «ከእኩለ ቀን በፊት» ማለት ነው፤ ፒኤም «ከእኩለ ቀን በኋላ»። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያለው ሁሉ ኤኤም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያለው ሁሉ ፒኤም ይባላል። ቁጥሩን ለመቀየር 6 ይደምሩ፤ ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱ፤ ደቂቃው አይነካም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 8 ሲደመር 6፣ 14፤ ሲቀነስ 12፣ 2 ኤኤም። እዚህ ድረስ አልተሳሳቱም።

የተሳሳቱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ ቀኑም አብሮ እንደሚቀየር በመርሳትዎ ነው። በኛ አነጋገር ማክሰኞ የጀመረ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ «ማክሰኞ ሌሊት» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ወዲያ ያለው ረቡዕ ነው። እርስዎ የጻፉት «ቲዩዝደይ 2 ኤኤም» ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ሆነ፤ ሰዎቹም በተጻፈላቸው ቀን ነው የመጡት። ሊጻፍ የሚገባው «ዌንስደይ፣ ኦክቶበር 1፣ 2025፣ 2 ኤኤም» ነበር። እንደሚያዩት ቀኑ ብቻ ሳይሆን ወሩም ተቀይሯል።

ለዚህ አማርኛ ራሱ ግሩም መድኃኒት አለው፤ «አጥቢያ» የሚለው ቃል ነው። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለው ቢጽፉ ሌሊቱ ከሁለቱም ቀን ጋር ይያያዛልና አማርኛ አንባቢው አይሳሳትም፤ እርስዎም ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግሩ የትኛውን ቀን እንደሚወስዱ ያያሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ከሆነ የፊተኛውን ቀን ስም ይውሰዱ፤ ካለፈ አጥቢያ የተባለውን። ይህ ቃል ፈረቃ ላለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ይገባል። (በነገራችን ላይ «ሌሊት» እንጂ «ለሊት» አይደለም።)

ልክ 12 ሰዓት የሆነ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲገጥምዎ ኤኤምና ፒኤምን ይተዉት። የኛ ከቀኑ 6 ሰዓት በልማድ 12 ፒኤም ይባላል፤ ነገር ግን እኩለ ቀን ከራሱ በፊትም በኋላም ስላልሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል። «12 ኑን» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ለእኩለ ሌሊት «ሚድናይት» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ የዓርብ መጀመሪያ ይሁን የዓርብ መጨረሻ አይታወቅምና። ገደቡ ዓርብ ሙሉውን እንዲጨምር ከፈለጉ «ፍራይዴይ፣ 11:59 ፒኤም» ይበሉ።

አገራችን ውስጥ የተስፋፋ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ «8፡00 ኤልቲ»። ኤልቲ «ሎካል ታይም» የሚለው ምሕጻር ሲሆን፣ ጻፊው «በኛ አቆጣጠር» ማለቱ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት። የውጭ አገር ሰው ግን «ሎካል ታይም» ሲል የለመደው የአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለውን ነው፤ በዚያ ከተማ ሰዓት ማለት። ስለዚህ 8፡00 ኤልቲን ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ልዩነት! ለውጭ ሰው በሚጻፍ ወረቀት ላይ ኤልቲ ፈጽሞ አይግባ። «ጂሲ» (የፈረንጅ አቆጣጠር) እና «ኢሲ» (የኛ አቆጣጠር) የሚሉት የዘመን ምልክቶችም እንደዚያው ከኛ በቀር የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ቀንን በቁጥር ብቻ መጻፍም አደገኛ ነው። 1/10/2025 ለእንግሊዝ ሰው ኦክቶበር 1፣ ለአሜሪካ ሰው ጃንዋሪ 10 ነው፤ ያው ቀን በኛ 21/1/2018 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የጃንዋሪ 21፣ 2018 ይመስላል። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፤ ነገሩ ያበቃል።

ወደ «እስከ» እንለፍ። «ሱቁ እስከ ዓርብ ክፍት ነው» ስንል ነገሩ ሳይቋረጥ እየቀጠለ ዓርብ ይደርሳል፤ ይህ «አንቲል» ነው። «ሪፖርት እስከ ዓርብ አስገቡ» ስንል ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ዓርብ የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ማስገባቱ እየቀጠለ አይሄድም። ይህ «ባይ» ነው። እርስዎ «አንቲል» ሲሉ አንባቢው «እስከ ዓርብ ድረስ ስናስገባ እንክረም?» ብሎ ይጠይቃል። መለያው ቀላል ነው። «እስከ» ባለበት «ከ… ሳያልፍ» ብለው ይተኩ፦ «ሪፖርት ከዓርብ ሳያልፍ አስገቡ»። ከተስማማ «ባይ» ነው። «ሱቁ ከዓርብ ሳያልፍ ክፍት ነው» ግን አይባልም፤ ስለዚህ «አንቲል»። አፍራሽ ሲሆን «አንቲል» ይመለሳል፤ «እስከ ዓርብ አይከፈትም» በእንግሊዝኛም በ«አንቲል» ነው የሚጻፈው። ዓርብ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሆነም ይጨምሩ፤ ቢሮው ከቀኑ 11 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ «ባይ 5 ፒኤም፣ ፍራይዴይ» ይላሉ።

አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን መጋዘን ውስጥ ስለማይቀር «የዛሬ አሥራ አምስት»ን ላንሳ። ዛሬ ማክሰኞ መስከረም 20 ከሆነ የዛሬ አሥራ አምስት ማክሰኞ ጥቅምት 4 ነው፤ 14 ቀን ማለት ነው። እኛ ዛሬን አንድ ብለን ስለምንጀምር 15 ይሆናል። («ሳምንት»ም ከ«ስምንት» ጋር የተዛመደው በዚሁ ዓይነት ቆጠራ ነው።) በእንግሊዝኛ «ኢን ፊፍቲን ደይስ» ካሉ ረቡዕ ላይ ይወድቃል፤ «ኢን ቱ ዊክስ» ይበሉ። በየሁለት ሳምንቱ የሚደረግንም ነገር «ባይዊክሊ» አይበሉት፤ ቃሉ «በሳምንት ሁለቴ» ለሚለውም ያገለግላል። «ኤቭሪ ቱ ዊክስ» አያሻማም። «ኔክስት ፍራይዴይ»ም ለአንዱ የፊታችን ዓርብ፣ ለሌላው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ስለሆነ፣ ቀኑን ከነወሩ ያስከትሉት።

የመብራቱ ማስታወቂያ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም አማርኛው ራሱ ሦስት መንገድ ይነበባል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወዲያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወዲያ፣ ወይም ከአሁን ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ። የመጀመሪያዎቹ በ«አፍተር» ይጻፋሉ፦ «አፍተር 8 ኤኤም»፣ «አፍተር 8 ፒኤም»። ሦስተኛው «ኢን ቱ አወርስ» ነው። «ዊዝኢን ቱ አወርስ» ካሉት ደግሞ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በማንኛውም ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው፤ በአማርኛ «በሁለት ሰዓት ውስጥ» የምንለው። ማሽን የሚያጠፋ ሰው በዚህ ልዩነት ዕቃ ያበላሻል። በአማርኛው በኩል የሚረዳ ልማድ አለ፤ የሰዓት ቁጥሩን በአኃዝ፣ የቆይታውን ርዝመት በፊደል ይጻፉ። «በ2 ሰዓት» ሲሉ የሰዓት ቁጥር፣ «ሁለት ሰዓት ያህል» ሲሉ ቆይታ እንደሆነ ዓይን ይለምደዋል።

ይሁን እንጂ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት «ኢን ቱ አወርስ» አይሆንም፤ 3 ሰዓት ላይ የተለጠፈውን አንዱ 3፡10፣ ሌላው 4፡30 ላይ ያነበዋል፤ ሁለቱም ከራሳቸው ሰዓት ይቆጥራሉ። «አፍተር»ም መቼ እንደሚጠፋ እንጂ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። መብራቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ «ኖ ፓወር ፍሮም 8 ኤኤም ቱ 11 ኤኤም፣ ቲዩዝደይ፣ ኦክቶበር 14፣ 2025» ብለው ይለጥፉት፤ ከሥሩም በአማርኛ «ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት መብራት አይኖርም»።