ለ130 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስና የፀሐይ ማጣሪያ አመራረጥ፦ ከመሐል ሜዳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የተከበሩ መምህር፣

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። በመሐል ሜዳ ለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊሜትር የሆነ ባለመስታወት ቴሌስኮፕ በስጦታ ተገኝቷል። አብረውት የመጡት ባለ25 እና ባለ10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንሶች፣ ማለትም አይፒሶች፣ እንዲሁም ከአይፒሱ ሥር የሚጠመዘዝ አንድ ጥቁር አረንጓዴ «የፀሐይ መስታወት» ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጥቂት ዕቃ ሊይዝልዎ ስለሚችል፣ ብዙ ሌንስና ባለቀለም ማጣሪያ በአንድ ሳጥን የያዘውን ስብስብ ይግዙ ወይስ ሌላ ነገር ያስመጡ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በደብረ ብርሃን ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ መጠን ባለው ቴሌስኮፕ ለዓመታት ስመለከት የቆየሁ ነኝ፤ የምመልሰውም ከዚሁ ልምድ ተነሥቼ ነው።

ስለ አይፒስ ከመናገሬ በፊት ያንን አረንጓዴ መስታወት ዛሬውኑ ከሳጥኑ አውጥተው እንዲሰብሩትና እንዲጥሉት እለምናለሁ። ለሌላ ሰው መስጠትም ሆነ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም፤ አንድ ቀን አንድ ተማሪ አግኝቶ ይሞክረዋልና። ምክንያቱ ቀላል ነው። 130 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወት የሚሰበስበው ብርሃን፣ በጨለማ 7 ሚሊሜትር ድረስ በተከፈተ የዓይን ብሌን ከሚገባው ከ300 እጥፍ በላይ ነው፤ በቀን ብሌናችን ስለሚጠብብ ልዩነቱ ከዚያም ይበልጣል። አረንጓዴው መስታወት የሚቀመጠው ይህ ሁሉ ሙቀት ተሰብስቦ በሚጠብብበት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በሚሰነጠቅበት ጊዜ ደግሞ የተማሪው ዓይን እዚያው ላይ ነው። የዓይን ሬቲና የሕመም ስሜት ስለሌለው ተመልካቹ መጎዳቱን የሚያውቀው ቆይቶ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢዎ አይፒስ ሳይሆን በቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚደረግ የፀሐይ ማጣሪያ ይሁን። ማጣሪያው ብርሃኑን ወደ ቱቦው ሳይገባ በፊት ስለሚያስቀረው በውስጥ የሚሰበሰብ ሙቀት አይኖርም። ለዚህ እኔ የምመርጠው አስትሮሶላር የሚባለውን የባደር ኩባንያ ፊልም ነው፤ በ20 በ29 ሴንቲሜትር ልክ ተቆርጦ የሚሸጥ ሲሆን በሻንጣ ውስጥ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ሊመጣ ይችላል። ዘመድዎ አንድ ነገር በጥብቅ ሊያስተውሉ ይገባል፦ ፊልሙ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። ባለ5.0 መጠኑ ከፀሐይ ብርሃን አንድ መቶ ሺኛውን ብቻ የሚያሳልፍና ለዓይን የተሠራ ነው፤ ባለ3.8 መጠኑ ግን ለፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ በመሆኑ በዓይን ሊታይበት አይገባም። መያዣውን ከወፍራም ካርቶን እርስዎና ተማሪዎችዎ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የቱቦውን ውጫዊ ዙሪያ በወረቀት ለክታችሁ፣ በላዩ ተጣብቆ የሚገባ ቀለበት ሠርታችሁ፣ ፊልሙን በሁለት የካርቶን ክፈፎች መካከል ማጣበቅ ነው። ፊልሙ እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠር የለበትም፤ ትንሽ ሲላላና ሲሸበሸብ ምስሉ የተሻለ ይሆናል። የመንዝን ነፋስ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታልና ቀለበቱን ሁልጊዜ ከቱቦው ጋር በፕላስተር ይሰሩት፤ ተማሪ ዓይኑን አስጠግቶ ሳለ ማጣሪያው በነፋስ ቢነሣ ውጤቱ ማጣሪያ ከሌለው ጋር አንድ ነው። ከመጠቀምዎ በፊት በየጊዜው ወደ አምፖል ይዘው ቀዳዳ ወይም ጭረት እንደሌለው ይመርምሩ። በጎን ያለችውን ትንሽ ጠቋሚ መነጽር ደግሞ አውልቀው ያስቀምጡ፤ ፀሐይን ለማግኘት መሬት ላይ የሚወድቀው የቱቦው ጥላ በጣም አጭር እስኪሆን ድረስ ማዞር በቂ ነው።

የግርዶሽ መነጽር አጥልቆ በቴሌስኮፕ መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ለተማሪዎች አስቀድመው ይንገሩ፤ ያ መነጽር ለባዶ ዓይን ብቻ የተሠራ ነው። የፀሐይን ምስል በወረቀት ላይ ማሳረፍ የሚባለውም ዘዴ በእርስዎ ዓይነት ቴሌስኮፕ አይመከርም፤ ትንሹን መስታወትና የአይፒሱን ሙጫ ወይም ፕላስቲክ ያበላሻል። የሄርሸል ፕሪዝም የሚባለው መሣሪያ ድንቅ ቢሆንም የሚሠራው በባለሌንስ ቴሌስኮፕ ብቻ ስለሆነ ሊያስቡት አይገባም።

ለፀሐይ የተለየ አይፒስ መግዛት አያስፈልግዎትም። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለአይፒሱ የትኩረት ርቀት ሲያካፍሉ የማጉላት መጠኑን ያገኛሉና፣ ባለ10 ሚሊሜትሩ 65 ጊዜ ያጎላል። የፀሐይ ገጽ በሰማይ ላይ የሚይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ በዚህ ማጉላት ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ የጥቁር ነጠብጣቦቹ ጨለማ ማዕከልና በዙሪያው ያለው ፈዘዝ ያለ ጠርዝም በደንብ ይለያሉ። በነጭ ብርሃን ማጣሪያ የእሳት ልሳን የሚመስሉት የፀሐይ ጉልላቶች አይታዩም፤ እነርሱን የሚያሳየው በ656 ናኖሜትር አካባቢ እጅግ ጠባብ ብርሃን የሚያሳልፍ የሃይድሮጅን አልፋ መሣሪያ ሲሆን፣ ዋጋው ከሙሉ ቴሌስኮፕዎ ስለሚበልጥ ለጊዜው ይተዉት። የፀሐይ እንቅስቃሴ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የአሁኑ ዑደት በ2024 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ወደ ዝቅታው ስለሚያመራ ነጠብጣብ የሌለበት ቀን ቢያጋጥማችሁ የመሣሪያው ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ከሌንስ ምርጫ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ መሬቱ ገና ስላልሞቀ ምስሉ ይረጋል፤ ቀትር ሲቃረብ ግን በተለይ በቆርቆሮ ጣሪያ አሻግረው የሚመለከቱ ከሆነ የፀሐይ ጠርዝ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ሣር ሜዳ ላይ መቆም ከሲሚንቶ ግቢ ይሻላል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ደግሞ ፀሐይ በቀትር በአናታችን ላይ ስለምትሆን፣ ላይና ታች እንዲሁም ግራና ቀኝ ብቻ በሚል መቆሚያ ላይ ያለ ቴሌስኮፕን በትክክል ወደዚያ ማዞር ያስቸግራል።

ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ባለብዙ ሌንሱን ሳጥን አይግዙ። ዋጋው በቁጥር ሲካፈል ርካሽ ይመስላል እንጂ፣ ከውስጡ የሚሠሩበት ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ባለቀለም ማጣሪያዎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ፕሎስል የሚባሉ፣ የትኩረት ርቀታቸው አጭር የሆነ አይፒሶችም ሌላ ችግር አለባቸው። ፕሎስል ጆርጅ ሲሞን ፕሎስል የተባለው የቪየና የመነጽር ሠሪ በ1860 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ጥሩ አሠራር ሲሆን እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ነገር ግን ዓይን ከሌንሱ ሊርቅ የሚችልበት ርቀት የአይፒሱን የትኩረት ርቀት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባለ6 ሚሊሜትር ፕሎስል ላይ ሽፋሽፍትዎ መስታወቱን ይነካል፤ መነጽር የሚያደርግ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ አይታየውም፤ ለእርሱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ርቀት ያስፈልጋል።

የእኔ ምርጫ ባለ6 ሚሊሜትር፣ 66 ዲግሪ የእይታ ስፋት ያለው አይፒስ ነው። ከቻይና ፋብሪካ በልዩ ልዩ ስም የሚወጣ፣ ዋጋውም መካከለኛ የሆነ ነው። በእርስዎ ቴሌስኮፕ 108 ጊዜ ያጎላል፤ የሚያሳየው የሰማይ ስፋት ከግማሽ ዲግሪ በመጠኑ ስለሚበልጥ ጨረቃ ሙሉዋን ትገባለች፤ ቴሌስኮፑ በእጅ የሚገፋ ከሆነም ጁፒተርና ሳተርን ቶሎ አያመልጡም። የተረጋጋ ሌሊት ሲገኝ በሳተርን ቀለበቶች መካከል ያለውን ጥቁር ክፍተት በዚህ ማጉላት መለየት ይቻላል፤ ቀለበቶቹ በ2025 እ.ኤ.አ. በጠርዛቸው ወደ እኛ ዞረው እጅግ ቀጥነው ነበር፤ አሁን እንደገና በመከፈት ላይ ናቸው። ሁለተኛው ባለ15 ሚሊሜትር ገደማ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ይሁን፤ 43 ጊዜ አጉልቶ አንድ ዲግሪ ተኩል ያሳያል። ከአይፒሱ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ዘንግም 3 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ ለኮከብ ስብስቦችና ለጋላክሲዎች ከሁሉ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብዙዎች የሚመክሩትን ባለ32 ሚሊሜትር ለጊዜው ይለፉት፤ ካለዎት ባለ25 ብዙም አይርቅም።

አንድ አይፒስ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ከአይፒሱ በፊት የሚገባና ሁለት እጥፍ የሚያጎላ ባርሎው ሌንስ ጥሩ አማራጭ ነው። ያሉዎትን 25 እና 10 ወደ 12.5 እና 5 ስለሚለውጣቸው 52 እና 130 ጊዜ የማጉላት አቅም ያገኛሉ። ነገር ግን ከቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣው ባለ10 ሚሊሜትር ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፤ ባርሎው ደግሞ የደካማውን አይፒስ ጉድለት አያስተካክልም። ባለ8–24 ሚሊሜትር ተለዋዋጭ አይፒስ ለክፍል ትምህርት ምቹ ነው፤ ተማሪዎች ተሰልፈው ሳለ በጨለማ ሌንስ መቀያየር የለም፤ ሆኖም በ24 ሚሊሜትሩ በኩል እይታው ጠባብ ነው። የመስታወቱን ስፋት በሁለት በማባዛት የሚገኘው 260 የማጉላት ጣሪያ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ነፋስ በሚነፍስበት ደጋ ከ150 በላይ የሚጠቅምባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። የሚገዙት አይፒስ ሁሉ የቱቦው ውፍረት 31.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ከሩብ ኢንች፣ መሆኑን ዘመድዎ ያረጋግጡ።

ከአይፒስ ቀጥሎ ገንዘብ የማወጣው በመስታወቶቹ ማስተካከያ ላይ ነው። ቴሌስኮፑ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በኮረኮንች መንገድ በመኪና ከተጫነ መስታወቶቹ መስመራቸውን ይለቃሉ፤ የትኩረት ርቀቱ ከስፋቱ አምስት እጥፍ ብቻ በሆነ ቴሌስኮፕ ደግሞ ይህ መዛነፍ ምስሉን ወዲያውኑ ያደበዝዘዋል። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ርካሽ የማስተካከያ ክዳን ይበቃል፤ ርካሽ ሌዘሮች ራሳቸው የተዛነፉ ሆነው ስለሚመጡ አልወዳቸውም። የጨረቃ ማጣሪያ አያስፈልግም። ዩኤችሲ የሚባለው የኔቡላ፣ ማለትም በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝ ደመና፣ ማጣሪያ የኦሪዮንን ኔቡላ የመሳሰሉትን አጉልቶ ቢያሳይም ለጋላክሲ አይረዳም፤ መንዝን በመሰለ ጨለማ ሰማይ ሥር ላለ ሰው ደግሞ የመጨረሻው ግዢ ነው። ቀይ መብራት አይግዙ፤ በእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል ደርቦ ማሰር ይበቃል። ከፍ ዝቅ የሚል በርጩማ ግን ከብዙ ሌንስ ይበልጣል፤ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ቆሞ ከሚያየው ብዙ ዝርዝር ያያል።

ብርዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስለሚወርድ፣ ከሞቀ ክፍል የወጣ መስታወት ከአየሩ ጋር እስኪስማማ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ደጅ ይቆይ፤ ያለዚያ ከፍተኛ ማጉላት ትርጉም አይኖረውም። የማይጠቀሙበትን አይፒስ ክዳኑን ከድነው በካፖርት ኪስ ውስጥ ያቆዩት፤ የሞቀ ሌንስ ጤዛ አይዝም። ተማሪዎችም ሌንሱ ላይ እንዳይተነፍሱ ይምከሯቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ዕቃው ተከድኖ ይግባ። ሌንስን በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ሽፋኑን ይቧጭራል፤ አቧራውን በጎማ መንፊያ ማንሣት ይቀድማል።

ቦታዎ የሚሰጥዎትን ዕድል ደግሞ አይዘንጉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆናችሁ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍናችሁ፤ ሰማዩም በዚያው ልክ ጥርት ያለ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በአውሮፓ ታትመው የሚወጡ መመሪያዎች የማያነሷቸው የደቡብ ሰማይ ድንቆች ለእኛ ይታያሉ። በመጋቢት እኩለ ሌሊት ገደማ የካሪና ኔቡላ በደቡብ በኩል 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ለእርሷ ባለ25 ሚሊሜትሩን ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ከፍ የሚለው ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የኮከቦች ክምችት በባለ15 ሚሊሜትሩ ጠርዙ ወደ ነጠላ ኮከቦች መፈታታት ሲጀምር ተማሪዎችዎ ከአይፒሱ አልነሣም ይላሉ። ወደ አንኮበርና ጣርማ በር ገደል አፋፍ ከወጡ የአፋር በኩል ጨለማው ድንቅ ቢሆንም ከቆላው የሚነሣው ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ሊሸፍናችሁ ይችላል።

ፊልሙን የሚያስመጡበት ሌላም ምክንያት አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሶማሊያ በኩል ሙሉ ሆኖ ሲያልፍ ለእኛ በከፊል ይታያል። ክረምት ስለሆነ ደመናው ሊከለክለን ይችላል፤ ሆኖም በደመና መካከል የሚከፈተውን ጥቂት ደቂቃ ለመጠቀም ማጣሪያው አስቀድሞ ተሠርቶና ተፈትሾ ሊቆይ ይገባል። ከፊልሙ የሚተርፈውን ቁራጭ አይጣሉት፤ በሁለት የካርቶን ቀለበት ላይ ተደርጎ የአቅርቦ ማሳያ መነጽርን ሁለቱንም አፎች ለመሸፈን ይበቃል፤ ቴሌስኮፑ ጋ የተሰለፉ ተማሪዎች ተራቸው እስኪደርስ በእርሱ ይመለከታሉ።