ከሰሊኒየም ወደ ፕሌይራይት፦ ልሻገር ወይስ ልቆይ?

ለገጣፎ የምትኖር አንባቢያችን የመጋዘን ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ቴስተር ናት። ቴስቶቻቸው በጃቫና በሰሊኒየም፣ ማለትም ብራውዘርን እንደ ሰው እየነካካ ድረ ገጽ በሚፈትሽ መሣሪያ፣ የተጻፉ ናቸው። ኮዱን ማንም ሳይነካው ዛሬ ያለፈው ነገ ይወድቃል። አለቃዋ «ሁሉንም ትተን በፕሌይራይት እንደገና እንጻፈው» ብለዋል፤ ፕሌይራይትም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ነው። «ምን ትመክረኛለህ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ኮዱ ውስጥ ትሬድ ስሊፕ (Thread.sleep፣ ይህን ያህል ሰከንድ ዝም ብለህ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ) የሚለውን ፈልጊ። በየቦታው ካገኘሽው ችግሩ ሰሊኒየም አይደለም። «3 ሰከንድ ጠብቅ» ተብሎ የተጻፈ ቴስት ኔትወርኩ ሲፈጥን ጊዜ ያባክናል፣ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ይወድቃል። እኛ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች ደግሞ መንቀራፈፉን በደንብ እናውቀዋለን። ኢምፕሊሲት ዌይት (ለሁሉም ፍለጋ አንዴ የሚወሰን መጠበቂያ) እና ኤክስፕሊሲት ዌይት (አንድ የተወሰነ ሁኔታ እስኪሟላ መጠበቅ) ተቀላቅለው እንደሆነም እዪ። አትቀላቅሉ የሚለው የሰሊኒየም ሰነድ ራሱ ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ መገመት ያቅታል። ስሊፑን አውጥተሽ በዌብድራይቨር ዌይት፣ ማለትም በኤክስፕሊሲት ዌይት፣ ተኪው። ከዚያ ቴስቶቹ ከረጉ የትም መሄድ አያስፈልግሽም። ሰሊኒየም አርጅቷል የሚሉሽን አትስሚ። ሰሊኒየም ብራውዘሩን የሚያዝበት ዌብድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2018 የደብሊው ስሪ ሲ (የድር መስፈርቶችን የሚያወጣው ተቋም) መስፈርት ሆኗል፤ ሰሊኒየም ከስሪት 4.6 ወዲህ ደግሞ ከብራውዘሩ ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያወርዳል።

ያም ሆኖ ውሳኔው የእኔ ቢሆን አዳዲሶቹን ቴስቶች በፕሌይራይት እጽፋለሁ። ክሊክ ከማድረጉ በፊት በተኑ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ በሌላ ነገር አለመሸፈኑን ራሱ ያረጋግጣል። ቴስት ሲወድቅም ትሬሱን (የቴስቱን ሩጫ መዝገብ) ከፍተሽ እያንዳንዱን እርምጃ ከነምስሉ ታያለሽ። የጃቫ ስሪት ስላለው ቋንቋ አትቀይሩም። ሳይፕረስ የሚባለው ሌላ መሣሪያ ግን ጃቫስክሪፕት ወይም ታይፕስክሪፕት ይፈልጋል፤ ለእናንተ አይሆንም።

«ሁሉንም እንደገና» የሚለውን ግን አልስማማበትም። ወራት ይበላል፣ እስከዚያ ሲስተሙን የሚጠብቅ ቴስት አይኖራችሁም። ሎግኢንና ዕቃ ወጪ ከመሳሰሉት፣ ቢበላሹ ሥራ ከሚያስቆሙት ጀምሪ። ፔጅ ኦብጀክት (የአንድን ገጽ ኮድ ለብቻው የያዘ ክላስ) ካላችሁ የሜተዶቹን ስም ሳትነኪ ውስጣቸውን ቀይሪ። መስመር በመስመር አትገልብጪ፤ አሮጌው ስሊፕ አብሮ ይመጣል። አዲሱን ስትጨርሺ ሲስተሙን ሆን ብለሽ አበላሺና መውደቁን እዪ። የማይወድቅ ቴስት ምንም አይጠብቅም። ለጥቂት ጊዜ ከአሮጌው ጋር አብረው ይሩጡ፤ አዲሱ ሲረጋ አሮጌውን አጥፊው፣ አለበለዚያ ሁለቱንም ስትጠግኚ ትኖሪያለሽ።

ገጻችሁ አማርኛ ከሆነ ኤለመንት (በተን፣ መጻፊያ ሳጥንና የመሳሰለውን) በላዩ ባለው ጽሑፍ አትፈልጊ። አንዱ ዴቨሎፐር «ሰራተኛ» ይላል፣ ሌላው «ሠራተኛ» ብሎ ያርመዋል፤ ለጆሮ አንድ ነው፣ ለቴስቱ ግን ሌላ ቃል ነው። ዴቨሎፐሮቹ ዳታ ቴስት አይዲ (data-testid፣ ለቴስት ተብሎ ለኤለመንቱ የሚሰጥ መለያ) እንዲጨምሩ ለምኚ፣ ካልሆነም ተጨቃጨቂ። ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይህን ውሰጂ።

የኢንተርኔት ዳታው ነገርም አለ። ፕሌይራይት የራሱን ብራውዘሮች ሲያወርድ መቶዎች ሜጋባይት ይፈጃል። ኔትወርክ ደህና በሆነበት አንዴ አውርዳችሁ ፎልደሩን በፍላሽ ተቀባበሉ፣ ቦታውንም PLAYWRIGHT_BROWSERS_PATH በሚባለው ቅንብር አሳዩት፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተማችሁ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እያንዳንዱ የፕሌይራይት ስሪት የራሱን ብራውዘር ስለሚፈልግ ሁላችሁም አንድ ስሪት ላይ ቆዩ። ክሮም ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ማውረዱን ዝለሉትና ቻነሉን (የትኛው ብራውዘር እንደሚከፈት የሚወስነውን ቅንብር) ክሮም በሉት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ይሠራል።