ዊንዶውስ 10 ቢያበቃም ላፕቶፑ አላበቃም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ማክ ልግዛ? በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም ሊኑክስን ልሞክር? ወይስ ባለሁበት ልቀጥል? ለዛሬ የተወሰኑትን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ላፕቶፔ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። እስካሁን ምንም አላስቸገረኝም። ዊንዶውስ 11 ለማስጫን ጥገና ቤት ብወስደው «ይሄ አይችልም፣ ሽጠህ አዲስ ግዛ» አሉኝ። በመምህር ደመወዝ አዲስ ላፕቶፕ ከየት ይመጣል? እኔ የምሠራው ፈተና ማውጣት፣ ማርክ በኤክሴል መሙላት፣ አንዳንዴ ኢንተርኔት ማየት ነው።

መልስ፦ አይሽጡት። ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም ማለታቸው ልክ ነው፣ ላፕቶፑ አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። የእርስዎ የወደቀው በዚህ ነው እንጂ ጉልበት አንሶት አይደለም። 4 ጊጋ ራም ያለው ደካማ አዲስ ላፕቶፕ መስፈርቱን ሲያልፍ የእርስዎ ባለ 8 ጊጋው ይቀራል። ይህ በጣም ያናድዳል፤ ሰዎች ደህና ዕቃ እንዲጥሉ የሚገፋ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

በዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ከፈለጉ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አዘጋጅቷል፤ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ሲከፍቱ መመዝገቢያው ይታያል። ጊዜ ይገዛልዎታል፣ መፍትሔ ግን አይሆንም። መስፈርቱን አታለው ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ባለሙያዎችም አሉ። ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነት ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና ስለማይሰጥ፣ አንድ ቀን ፈተና ሳምንት ላይ ቢቆምብዎት የሚያናግሩት ሰው አይኖርም።

እኔ የምመክርዎ ሊኑክስ ሚንት ነው። ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ መልኩም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይደለም። ከታች ግራ ሜኑ አለ፣ ፋይሎች በፎልደር ይታያሉ፣ ፋየርፎክስ ተጭኖ ይመጣል። 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ በ4 ደግሞ በምቾት ይሠራል፤ የእርስዎ ከዚያም በላይ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ምንም ሳያጠፉ መሞከር መቻሉ ነው። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል፣ ሚንት ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክዎን አይነካም። በዚያች ሰዓት ዋይፋዩን ያብሩ፣ ድምፅ ያጫውቱ፣ የትምህርት ቤቱን ፕሪንተር ይሰኩ፣ ላፕቶፑን ዘግተው ይክፈቱት። ችግር ካለ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታያል። በተለይ ብሮድኮም የሚባለው የዋይፋይ ካርድ ያለባቸው አሮጌ ላፕቶፖች መጀመሪያ ላይ ኔትወርክ ላያዩ ይችላሉ፤ ያኔ ስልክዎን በኬብል ሰክተው ኢንተርኔት ሰጥተውት ድራይቨሩን ያወርዳል።

ኤክሴል ሊኑክስ ላይ አይጫንም። ሊብሬኦፊስ ነው ያለው። ተራ የማርክ ሠንጠረዥ በደንብ ይከፍታል፣ ድምርና አማካይ ያወጣል፣ መልሶም በኤክሴል ዓይነት ያስቀምጣል። ትምህርት ቤቱ የሚልክልዎ ፋይል ግን ውስጡ ማክሮ ካለው፣ ማለትም ቁልፍ ሲጫኑ ራሱ ደረጃ የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ሊያስቸግር ይችላል። ያንን ፋይል ፍላሹ ላይ ባለው ሚንት ከፍተው ሳያዩ አይወስኑ። አንድ ነገር ልጨምር። ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ለአዲስ ላፕቶፕ ከሚያስቡት ገንዘብ ትንሿን ከፍለው ኤስኤስዲ ወደሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር ወደሌለው ፈጣን ዲስክ ይቀይሩት። የትኛውንም ሲስተም ቢጭኑ ልዩነቱን ሲያበሩት ያዩታል።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የሦስት ድርጅቶችን ሒሳብ በፒችትሪ እሠራለሁ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ያገለገለ ማክቡክ ሊልክልኝ ነው። ማክ አይበላሽም፣ ቫይረስ አይነካውም ይሉኛል። ልቀበል?

መልስ፦ ለቤት ይሁንሽ፣ ለሥራሽ ግን አይሆንም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የድሮዎቹ ኢንቴል ማኮች ላይ ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ዊንዶውስ መጫን ይቻል ነበር፤ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ከወጣው ኤም 1 ጀምሮ ያሉት ግን ይህ የላቸውም። በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ዊንዶውስ ማስነሳት ይቻላል፣ ግን የሦስት ድርጅት ሒሳብ እንደዚህ ባለ ጥገኛ ነገር ላይ አይጣልም። ኢንቴሉን እንዳትመርጪ ደግሞ አፕል በ2025 ያወጣው ታሆ ኢንቴል ማኮችን የሚደግፍ የመጨረሻው ማክኦኤስ መሆኑን አስታውቋል።

ወንድምሽ ከላከልሽ ግን ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጥ። አንደኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውድ መውጣቱን። ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ማኮች የባለቤቱ አካውንት ካልተነሳ ፎርማት ቢደረጉም ይቆለፋሉ። ሁለተኛ፣ ማክቡኩ የመሥሪያ ቤት ንብረት የነበረ እንዳይሆን። መሥሪያ ቤቱ ከመዝገቡ ካልሰረዘው፣ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲያስነሳውና ዋይፋይ ሲያገኝ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ይመጣል። ያ ገጽ ከመጣ ይመልሰው። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያንን የሚያነሳልሽ ጥገና ቤት አታገኚም፤ እናነሳለን የሚሉት ለጊዜው ይሸፍኑታል እንጂ መዝገቡ አሜሪካ ነው ያለው።

ስለ ቫይረሱ፣ ማክንም የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ከየፕሪንት ቤቱ በፍላሽ የሚመጣውና ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ግን የዊንዶውስ በሽታ ስለሆነ ማክም ሊኑክስም ላይ አይሠራም። እንዲያውም እንደዚያ የሆነ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ የተደበቁት ፋይሎች ብዙ ጊዜ ወለል ብለው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ጎንደር የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። እኔ ዊንዶውስ፣ አለቃዬ ማክ፣ የአይቲ ሠራተኛው ሊኑክስ ነው የምንጠቀመው። በዎርድ የጻፍኩት አራት ገጽ ደብዳቤ እነሱ ጋ ሲከፈት አምስት ገጽ ይሆናል፣ ፊርማውና ማኅተሙ ብቻውን መጨረሻ ላይ ይቀራል። የድሮ ደብዳቤዎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ነው የሚከፈቱት። ተበላሹ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተበላሹም። እባክዎ አንዱንም እንዳያጠፉ።

መጀመሪያ የገጹን ነገር። ሦስቱም ሲስተሞች የየራሳቸው የአማርኛ ፎንት አላቸው። ዊንዶውስ ኢብሪማ አለው፤ ኒያላ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ የለመድነው ነው። ማክ ከፋ የሚባል አለው። ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይገኛል። እርስዎ በኒያላ የጻፉትን አለቃዎ ሲከፍቱ ኒያላ ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ በሌላ ይተካዋል። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ በየአንቀጹ አንድ አንድ ቃል ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ፊርማው ገጽ ይቀይራል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ እንኳ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ስለሆነ ሁለት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችም ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስታችሁም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጫኑ፤ ነጻ ነው፣ በሦስቱም ላይ ይሠራል። ያለቀ ደብዳቤ ደግሞ በፒዲኤፍ ይላኩ፤ ዎርዱን የሚልኩት አስተያየት ሲፈልጉ ብቻ ይሁን።

የድሮዎቹ ጉዳይ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች የየራሳቸውን ኮድ በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን የተጠቀሙባቸው የአማርኛ ፕሮግራሞች፣ ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ቦታው ስለማይበቃ ፊደል ገበታውን ለሁለትና ሦስት ፎንት ያከፋፈሉም ነበሩ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፤ አማርኛ ያስመስለው የነበረው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚያዩት ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ያ ፎንት ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ቢሮው ውስጥ ካለ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፎንቶቹን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ደብዳቤዎቹንም ወደ ዩኒኮድ አስቀይሯቸው። የመሬትና የሠራተኛ ፋይል ያለባቸው ቢሮዎች ይህን ዛሬ ነገ ሲሉ ኮምፒውተሩ ሞቶ ማንበቢያ ያጣሉ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ለመጻፊያው ኪማን የሚባለውን ይሞክሩ። በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ስለሆነ ወንበር ቢቀይሩ ጣትዎ የለመደው አይቀየርም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ዕድሜ ልኬን ዊንዶውስ ተጠቅሜ አሁን ማክ ገዛሁ። መስኮት ስዘጋ ፕሮግራሙ አይዘጋም፣ ፋይል ከት ማድረግ እንቢ ይላል፣ ኢንተር ስጫን ከመክፈት ይልቅ ስሙን ቀይር ይለኛል። ለእናቴ ፎቶ በፍላሽ ልልክ ብል ፍላሹ ላይ አልጽፍም አለኝ!

መልስ፦ ቀዩ ነጥብ የሚዘጋው መስኮቱን ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን ለመዝጋት ኮማንድና ኪው። ፋይል ለማዛወር መጀመሪያ ኮማንድና ሲ፣ የሚሄድበት ቦታ ላይ ደግሞ ኦፕሽን፣ ኮማንድና ቪ አንድ ላይ። ለመክፈት ኮማንድና ኦ። ጣትህ ኮንትሮል ላይ አልላቀቅ ካለ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል። መስኮት ወደ ጠርዝ ጎትቶ ግማሽ ስክሪን ማስያዝ ሴኮያ ከሚባለው ማክኦኤስ፣ ማለትም ከ2024 ወዲህ አለ።

ፍላሹ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ፎርማት ስለተደረገ ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። በኤክስፋት ፎርማት አድርገው፤ ውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ቀድመህ ገልብጥ። እናትህ ፎቶ ቤት ሲወስዱት ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር በነጥብ የሚጀምር ትንሽ የማይከፈት ፋይል ሊታይ ይችላል፤ ማክ ራሱ የሚፈጥረው ስለሆነ ቫይረስ መስሏቸው እንዳይደነግጡ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ፣ ቤት ሆኜ ነው የምሠራው፣ ኢንተርኔቴ ከስልክ ሆትስፖት ነው። ፓኬጅ ገዝቼ ላፕቶፑን ስከፍት ምንም ሳልሠራ ያልቃል። ዊንዶውስ 11 ነው። ሊኑክስ ብጭን ይሻለኛል?

መልስ፦ በዚህ በኩል ይሻልሻል፤ ሚንት አፕዴት መኖሩን ይነግርሻል እንጂ ካልፈቀድሽ አይጭንም። ግን ለዚህ ብቻ ሲስተም አትቀይሪ። ዋይፋዩን ከፍተሽ የስልክሽን ሆትስፖት ስም ንኪና «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሪ። ዊንዶውስ ያኔ አብዛኛውን አፕዴት ያቆያል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም አጥፊ፣ ላፕቶፕሽ የወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዳያካፍል።

እኔ የምጠረጥረው ግን የማይክሮሶፍትን የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ ዋንድራይቭን ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ኮምፒውተር ዴስክቶፕሽን፣ ሰነዶችሽንና ፎቶዎችሽን ወደ ኢንተርኔት መጫን ሊጀምር ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ ቪዲዮ አስቀምጠሽ ከሆነ ፓኬጅሽን የበላው እሱ ነው። ከታች በስተቀኝ ያለችውን የደመና ምልክት ተጭነሽ ሴቲንግ ውስጥ ባክአፑን አቁሚ። ስታቆሚው ዴስክቶፕሽ ባዶ ቢመስል አትደንግጪ፤ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ የሚለው ፎልደር ውስጥ አሉ፣ ከዚያ ትመልሻቸዋለሽ። የደህንነት አፕዴት ጨርሶ ሳይጫን እንዳይቀር ደግሞ በየጊዜው ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም በሌሊት ፓኬጅ አውርጂ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሪ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። ከዊንዶውስ 10 ጎን ሚንት ጫንኩ። ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዲ ድራይቭ ደግሞ ሚንት ላይ ይከፈታል፣ ግን ምንም ማስቀመጥ አልችልም። ጓደኛዬም ዊንዶውስ 11 ላይ እንድጭንለት ይፈልጋል።

መልስ፦ የማዘርቦርዱ የሰዓት ባትሪ አልሞተም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአገሩ ሰዓት። እኛ ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ 3 ይሆናል። ሚንት ላይ ተርሚናል ከፍተህ timedatectl set-local-rtc 1 ብለህ ጻፍ፣ ይስተካከላል።

ድራይቩን የያዘው የዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ነው። ዊንዶውስ ሻት ዳውን ስትለው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ስለዚህ ሚንት ፋይሉን እንዳያበላሽ ብሎ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በፓወር ኦፕሽንስ በኩል አጥፋው።

የጓደኛህን ላፕቶፕ ከመንካትህ በፊት ግን ዲስኩ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ እንዳለበት እይ። አዲሶቹ ዊንዶውስ 11 ሲጫኑ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ሊቆልፉ ይችላሉ። የማስነሻውን ቅደም ተከተል ስትቀይር ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሌለ ፎቶውም የምረቃ ጽሑፉም አይከፈትም። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ አለ። አካውንቱን በየትኛው ኢሜይል እንደከፈተው ጠይቀው፣ ገብቶ ቁልፉን በወረቀት ይጻፍ፣ ፋይሎቹንም ውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጥ። ኢሜይሉን ረስቶት ከሆነ እስኪያገኘው ድረስ አትጫንለት።