«ሬክለስ» የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ነርሲንግ ማመልከት

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለህ፤ ማታ ኡበር ትነዳለህ፣ ጠዋት አናቶሚ ትማራለህ፤ በሚቀጥለው ዙር ነርሲንግ ልታመለክት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሰዓት 65 ማይል በሚፈቀድበት አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ በ88 ስትነዳ ተይዘህ ፍርድ ቤት ቀረብክ፣ ቅጣቱን ከፈልክ፣ ረሳኸው። አሁን ቅጹ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቅህ ጓደኛህ «ቲኬት ምን ወንጀል አለው፣ ደግሞም አይታይም፣ ‹የለም› በልና እለፍ» አለህ።

እሺ አትበለው። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቀለበት መንገድ ላይ ተቀጥቶ፣ ባንክ ሄዶ ከፍሎ መንጃ ፈቃዱን ማስመለስ የለመደ ሰው የትራፊክ ጥፋት ወንጀል ይሆናል ብሎ አያስብም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ይሆናል። ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በ«ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት) ነው። ይህ ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል በታች ያለ ወንጀል) ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። አንተ በሁለቱም በኩል ገብተህበታል።

ቢሆንም የተከሰስክበትና የተፈረደብህ አንድ ላይሆን ይችላል። ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ ጥፋቱን ቀለል አድርገው ካዩት ክሱን ወደ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ወይም ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ሊያወርዱት ይችላሉ። ያኔ ወንጀልነቱ ይቀራል፤ የትራፊክ ጥፋት ብቻ ይሆናል። ችሎት ውስጥ በእንግሊዝኛ በሁለት ደቂቃ ያለቀ ጉዳይ ነውና ሳታውቀው ወርዶልህ ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ እንዳንተው ወር ሙሉ ሲጨነቅ ከርሞ ወረቀቱን አምጣ ብለው፣ ውሳኔው «ኢምፕሮፐር» ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቅጹን አሁን ተወውና ጉዳይህ የታየበት ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ጸሐፊ ቢሮ ሄደህ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ጠይቅ። በስምህም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ማየት ትችላለህ። አንተ ካየኸው ደግሞ ሌላውም ያየዋል፤ «አይታይም» የሚለው የጓደኛህ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ውሳኔው ሬክለስ ከሆነ የጥያቄውን ቃል በቃል አንብብ። አንዱ ቅጽ «ማንኛውም ሚስዲሚነር» ይላል፤ ሌላው ቀላል የትራፊክ ጥፋት አይቆጠርም ብሎ ጠጥቶ መንዳትን (ዲዩአይን) ለብቻው ይጠይቃል። ጥያቄው አሻሚ ከሆነብህ ላወጣው መሥሪያ ቤት በኢሜይል ጽፈህ መልሱን አስቀምጥ። የሚጠይቅህም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አለ። ቀጥሎ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) የምትወጣበት ሆስፒታል አለ፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ) አምጣ የሚያሰኘው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው ነርሲንግ ቦርድ አሻራህን ይወስዳል። ትምህርት ቤት ተቀበለህ ማለት ቦርዱ ፈቃድ ሰጠህ ማለት አይደለም፤ ሁለት ቦታ የተለያየ መልስ መስጠት ደግሞ ከሬክለሱ የባሰ ጣጣ ነው። ሰው ያልጎዳ የአንድ ቀን ፍጥነት ላይ ውሸት ሲጨመርበት ነው በር የሚዘጋው። የነርስ እጅ መድኃኒት ይይዛል፤ የተሳሳተ መጠን ሰጥቶ የሚደብቅ ሰው እንዳይገባ ነው የሚጠብቁት።

ማብራሪያ ደብዳቤ ከጠየቁህ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ፖሊሱ ጥቁር ስለሆንኩ ነው የያዘኝ» ወይም «ሁሉም ሰው ይሮጥ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ እዚህ አይጠቅምህም። በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ፣ በ88 ማይል ነድቻለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ወስኗል፤ ከፍያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥፋት የለብኝም። የመንዳት ማሻሻያ ኮርስ ወስደህ ከሆነ ምስክር ወረቀቱን አያይዝ። በቃ። ልመናም ለቅሶም አትጨምርበት።

ዲዩአይ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬ ይረዝም ነበር፤ የመጠጥ ችግር አለብህ ወይ የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣልና።

ነርሲንጉን እየጠበቅህ አምቡላንስ ላይ ወይም ቤት ለቤት እንክብካቤ ልሠራ ያልከው ግን ያሳስበኛል። እዚያ መኪና ትይዛለህ፤ ኢንሹራንሱ የዲ ኤም ቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መዝገብህን ያያል። ሬክለስ 6 የቅጣት ነጥብ ይዞ እዚያ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሆነህ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ብትጀምር ይሻልሃል፤ ለክሊኒካሉም እጅህን ያፍታታልሃል።

ግልባጩ ሲደርስህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ማታ ኤርፖርት ስትመላለስ ያቺን 65 አትለፍ፤ «ሌላ ጥፋት የለብኝም» የሚለው መስመር እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።