ጥያቄና መልስ፦ የግንቦት ፀሐይና አዲሱ የአቮካዶ ችግኝ

በልጉ ከቆመ ወዲህ ከወሎ ቆላና ወይና ደጋ የሚጽፉልኝ አንባቢዎች ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ ክረምቱ እስኪገባ ችግኙን እንዴት እናቆየው?

«በመጋቢት ዝናብ የተከልኩት አቮካዶ ቀትር ላይ ቅጠሉ ይረግፍ ይመስል ይንጠለጠላል፤ ጠዋት ግን ይቃናል። በቀን ሁለት ጊዜ ላጠጣው?» — ከሐርቡ

ጠዋት ከተቃና አይስጉ። በቀትር ሐሩር ቅጠሉ የሚያተንነውን ውኃ ለጋው ሥር ቶሎ አይተካውም፤ ሌሊቱን ግን ያካክሳል። የሚያሳስበው ማለዳም ጠውልጎ ሲያገኙት ነው። ያን ጊዜም ውኃ ለማፍሰስ አይቸኩሉ፤ ግንዱ አጠገብ ጣትዎን አስገብተው አፈሩን ይዳስሱ። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል። ጭቃ ከሆነ ግን ሥሩ አየር አጥቷል፤ አቮካዶ ደግሞ ውኃ የተኛበት ሥሩ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ጥማቱም መታፈኑም ቅጠል ላይ የሚታዩት በመጠውለግ ስለሆነ፣ ስንት ችግኝ በደግ ሰው እጅ ውኃ በዝቶበት ይሞታል!

የሚዳስሱት ደግሞ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ጋር የመጣውን አፈር ይሁን። ሥሩ ገና ከዚያ ብዙም አልራቀም፤ ዙሪያው ረጥቦ እርሱ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ታቹ በመርፌ የተበሳ ውኃ የያዘ ጀሪካን ማለዳ እዚያው ቢያስቀምጡ ውኃው በዝግታ ወደ ታች ይዘልቃል። በየቀኑ የሚረጭ ጥቂት ውኃ ላይ ላዩን ብቻ ያርሳል።

«የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ቡናማ ሆነ። ልቁረጠው? ዩሪያስ ልጨምር?» — ከኮምቦልቻ

እባክዎ ሁለቱንም ይተዉ። የተቃጠለው ቅጠል ባይድንም ግንዱን ከፀሐይ ይከልላል። ዩሪያ በደረቅ አፈር ላይ ሥር ያቃጥላል፤ ዝናቡን ይጠብቁ።

«ጉዝጓዝ ባለብሰው ምስጥ መጣብኝ።» — ከባቲ

ምስጥ ባለበት ደረቅ አገዳና ጭድ ይቅር። በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት ያልብሱት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት። የምስጥ መንገድ ግንዱ ላይ እንዳይሠራ በየጊዜው ይመልከቱ።

«ዳስ ልሥራለት ወይስ ፀሐዩን ይልመደው?» — ከመርሳ

ይሥሩለት፤ ነገር ግን ሁሉንም አይሸፍኑት። የማለዳው ፀሐይ ይጠቅመዋል። የሚጎዳው የከሰዓቱ ነውና የማሽላ አገዳ አስረው በምዕራብ በኩል ያቁሙለት፤ አናቱንም ሳሳ አድርገው ይክደኑ። ፀሐይ የሚያርፍበትን ራቁት ግንድ ኖራ በውኃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ልጡ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የሐምሌ ደመና ሲገባ ዳሱን በአንድ ቀን ሳይሆን አገዳውን እያሳሱ ያንሱት።