መሬት ሌሊት ይተኛል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ። የአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያን የሙሉ ቀን መዝገብ ለተማሪዎቼ ባሳያቸው፣ መስመሩ ሌሊት ቀጥኖ፣ ከንጋት ጀምሮ ሲወፍርና ማታ መልሶ ሲቀጥን አስተውለው «መሬቱ ሊነቃነቅ እየተዘጋጀ ነው ወይ?» አሉኝ። በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ለምንኖር ሰዎች ይህ ያሠጋል?

መልስ፦ አያሠጋም፤ ያያችሁት በአብዛኛው የሰውን ውሎ ነው። መሣሪያው ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ በእጅጉ ያነሰ መርገብገብ እንኳ ስለሚይዝ፣ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ አጠገብ ቢተከል፣ ከሚሌ በባቲ በኩል ጭነት ይዞ የሚገባው ተሳቢ፣ የፋብሪካው ሞተርና የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ ሁሉ በሰከንድ ከ1 ጊዜ በላይ በሚመላለስ ፈጣን ንዝረት መልክ ይመዘገባሉ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት በዕረፍት ቀን መስመሩ የሚቀጥነውም ለዚሁ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰዉን ቤት ባስቀመጠ ጊዜ ይህ ንዝረት በብዙ አገሮች እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ነበር። ነፋስም ድርሻ አለው፤ ሲበረታ ዛፉን ከነሥሩ፣ ምሰሶውን ከነመሠረቱ እያወዛወዘ መሬቱን ይነካካዋል።

ቀንና ሌሊት የማይለይ ንዝረትም አለ። የውቅያኖስ ማዕበል የሚፈጥረውና አንዱ ምልልስ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ የሚፈጅ ዝግተኛ ንዝረት፣ የባሕር በር በሌላት አገራችንም ሳይቋረጥ ይመዘገባል፤ የሚጨምረውና የሚቀንሰው እንደ ማዕበሉ ብርታትና እንደ ወቅቱ ነው።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስታቸው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ትንንሽ መንቀጥቀጦች ቀን በከተማው ንዝረት ይዋጡና ሌሊት ጎልተው ስለሚወጡ፣ ዝርዝሩን የሚያይ ሰው መሬት ሌሊት የሚነቃነቅ ይመስለዋል። የድንጋይ ካባ ፍንዳታ ደግሞ በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሚመዘገብ ተቃራኒውን ያሳስባል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው ዓይነት አደጋ በአካባቢያችሁ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዕለታዊው መወፈርና መቅጠን አይነበብም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የጣቢያ መዝገብ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የመዝገቡ ዜሮ ሰዓት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ 3 የሚለው ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። መስመሩ መወፈር የጀመረው 3 ላይ ከሆነ፣ መሬቱ ሳይሆን ሰፈሩ መንቃቱ ነው።