የአባቴ ኢኢጂ ላይ የታየው የሚጥል በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ የቆየ የጉበት ሕመም አለባቸው። ሰሞኑን ቀን ተኝተው ይውሉና ሌሊት ተነስተው ይቀባዥራሉ። ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) ተነስተው ውጤቱ «ጄኔራላይዝድ ፔሪዮዲክ ዲስቻርጅስ፣ ትራይፌዚክ» ይላል። አጎቴ «የሚጥል በሽታ ነው፣ ማስታገሻው ዲያዚፓም ይሰጣቸው» እያለ ነው። የላክቱሎስ ሽሮፓቸውን ተቅማጥ ስላስያዛቸው አቁመዋል። ምን ትመክሪናለሽ?
(ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ትልቁን ነገር እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሽው፤ ሽሮፑን ማለቴ ነው። እመጣበታለሁ።

ፔሪዮዲክ የምንለው ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሞገድ እኩል በሚባል የጊዜ ልዩነት ሲመላለስ ነው። እኔ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ከታች ያለውን የልብ መስመር ነው። ሞገዱ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ደም ሥር ላይ አርፎ ይሆናል፤ ባለሙያው ትንሽ ፈቀቅ ሲያደርገው ይጠፋል። ቀጥሎ ቦታውን አያለሁ። በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ስትሮክ ወይም በሄርፐስ ቫይረስ የመጣ የአንጎል ብግነት ይኖር ይሆን እላለሁ። ትራይፌዚኩ (ባለ ሦስት እርከኑ ሞገድ) ግን በሁለቱም ወገን ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ግንባር ላይ ይጎላል፦ ትንሽ ወደ ላይ፣ በረዥሙ ወደ ታች፣ ከዚያ ሰፋ ብሎ እንደገና ወደ ላይ። ጉበት ወይም ኩላሊት ሲደክም፣ እንደ ሴፌፒም ባሉ አንቲባዮቲኮችም ይታያል።

አጎትሽ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ መንቀጥቀጥ የሌለው የሚጥል በሽታም ይህን መልክ ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን ዲያዚፓም ሞገዱን ቢያጠፋው እንኳ ማስረጃ አይሆንም፤ ከጉበት ሕመም የመጣውንም ሞገድ ያጠፋዋል። ሞገዱ ሲጠፋ ሰውየው አብረው ነቅተዋል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። የጉበት ሕመምተኛን ቤት ውስጥ ዲያዚፓም መስጠት ደግሞ ጭራሽ ወደ ሰመመን ሊከት ይችላል። አይሞከርም!

አሁን ወደ ሽሮፑ። ላክቱሎስ አሞኒያን፣ ማለትም ጉበት ሲደክም በደም ተከማችቶ አንጎልን የሚያደነዝዘውን ቆሻሻ፣ በአንጀት በኩል ያስወጣል፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ መውጣቱ የሚፈለግ ነው። ሲበዛ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል እንጂ አይቋረጥም። አባትሽ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን መኪና እንደሚያስቆም ሰው ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉ እንደ ክንፍ ከተርገበገበ፣ ጥርጣሬዬ ይበልጥ ወደ ጉበቱ ነው። ባይርገበገብም ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ድርቀት ነበረባቸው እንደሆነ ንገሩ። የኢኢጂውን ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የቆመውን ሽሮፕ ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።